የበዛወርቅ አፍንጫ

ቦንጋ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1995 ዓ.ም.

ጥፋተኛዋ በዛወርቅ ናት። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት የማታ ትምህርት መምህራችን ነግረውናል፤ ግን ይህን ሳልጽፍ እጄ ወደ ሌላ ነገር አልሄድ አለኝ።

አሁን ሰላም ልበልሽ። መሲ ልጄ፣ የእህቴ አደራ፣ ከባሕር ማዶ ያለሽውን መድኃኔዓለም በጤና ይጠብቅሽ። የምትወጪው ደረጃ አያዳልጥሽ፤ ያለሽበት ቤት ሰው ክፉ አይናገርሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ «አክስቴ፣ የዶሮዎቹ ግቢ ይሸታል እንዴ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሊባኖስ ተቀምጦ ቦንጋ ያለ ጓሮ የሚሸተው ሰው አለ? የነገረሽ ሰው አለ። እሷም ከእኔ በላይ ዳገቱ ላይ ያለችው፣ የመምህር ሣህሌ ሚስት በዛወርቅ ናት። ባሏ ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ተከትላው መጣች። እኔ ፊደል ሳልቆጥር የአንቺን ደብዳቤ የምታነብልኝ፣ የእኔንም የምትጽፍልሽ እሷ ነበረች። አሁን ሳስበው፣ እኔ አንድ ስናገር እሷ ሁለትና ሦስት ትጽፍ ነበር። አንቺም በእሷ ቀልድ ስትስቂ ከረምሽ። መጨረሻ ላይ «በዛዬን ሳሚልኝ» ትያለሽ። ያንን ራሷ ታነብልኝና ጉንጯን ታቀርብልኛለች። እኔም እስማታለሁ። «ዓባይነሽን ሳሚልኝ» የሚል ደብዳቤ ግን ለማንም ሲጻፍ አልሰማሁም።

በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ግቢ ሲሉኝ ቡና ውስጥ ተደብቄ ያመለጥኩት እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሶች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ «ሀ ሁ» ያልኩት ለዚህ ነው። በካፊኖኖ ያሰብኩትን በአማርኛ ስጽፍ ብሳሳት አትሳቂ። ስህተቱም የእኔ ይሁን።

ነገሩ የጀመረው የዕድር ሴቶች እኔ ቤት በተሰበሰቡ ጊዜ ነው። በዛወርቅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገችና፣

«እትዬ ዓባይነሽ፣ አይቀየሙኝና ጓሮው ትንሽ ሸተት ይላል» አለች።

«የማን ጓሮ?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«ዶሮ ያለበት ጓሮ ሽቶ ሽቶ ይበል ነው የምትይኝ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ በእኔ ይሁን በእሷ አላወቅሁም። እሷም እኮ ዶሮ አላት። ከግብርና የወሰድነው በአንድ ቀን ነው፤ ያው የፈረንጅ ዶሮ። የእሷ አይሸትም ይባላል። እንዴት ይሸታል? የሷ ጓሮ ውሃ በሙሉ ቁልቁል ወርዶ እኔን ነው የሚያረጥበኝ።

እኔ ደግሞ ሰነፍ አይደለሁም። የዶሮ ቤቱን በየማለዳው በውሃ አጥባለሁ፤ በመጥረጊያ ፈግፍጌ አጥባለሁ። ከወንዝ ዳር እርጥብ ቄጤማ አጭጄ እጎዘጉዝላቸዋለሁ። የእኔ ዶሮዎች በየቀኑ ዓውደ ዓመት ላይ ናቸው። ጎንበስ ብዬም አሸተትኩ። ምንም የለም። አይሸትም።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። ድሮ «ኮረሪማ ላኪልኝ፣ ኮረሪማ ላኪልኝ» ትይኝ ነበር። አሁን ዝም አልሽ። ከጌሻ የመጣውን፣ ትልልቁን፣ ክር ፈትዬ ሰክቼ አስቀምጬልሻለሁ። ወይስ ሌላ ሰው ላከልሽ?

አክስትሽ ዓባይነሽ፣ በራሴ እጅ።

ሊባኖስ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ላሳደጉኝ አክስቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዝናቡ እንዳይበረታብዎት፣ እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲሰጥዎት ጠዋትና ማታ እለምናለሁ።

የእጅ ጽሕፈትዎን ሳየው አለቀስኩ። ፊደሎቹ እንደ እርስዎ ቀጥ ብለው ነው የቆሙት። ደጋግሜ አነበብኩት፤ ያልገባኝ ቃል የለም።

በዛወርቅን አይቀየሙብኝ። በክፋት አልነገረችኝም። ማን ነገረኝ የሚለውን እንተወውና ስለ ጓሮው ላጫውትዎት።

አሁን ያለሁት ቤሩት አይደለም። ወደ ተራራው ወጥቼ ከማዳሜ እናት ጋር ነኝ። ለምን እንደተዛወርኩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አየሩ ጥሩ ነው። አሮጊቷን «ቴታ» ነው የምላት፤ በእነሱ አያቴ ማለት ነው። ጓሮዋ ውስጥ በለስ ዛፍ ሥር ዶሮዎች አሏት። አክስቴ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ምሳ ቢበሉ ምንም አይሸትዎትም። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን እንደ ቤታችን ልጠብ ብዬ ባልዲ ውሃ ተሸክሜ ስገባ፣ ከዘራዋን ይዛ ተነሳችብኝ! ኩሱ ከደረቀ አይሸትም፤ የሚሸተው ሲርስ ነው አለችኝ። ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ እያመጣን ወፈር አድርገን እናነጥፍበታለን፤ በየጊዜው በመንሽ እናገላብጠዋለን። ከቆጡ ሥር የተከመረውን ደግሞ ጠርገን አውጥተን አመድ እንነሰንሳለን።

ስለዚህ አክስቴ፣ እባክዎ ውሃውን ይተዉት። ቄጤማውንም ይተዉት፤ እርጥብ ሣር እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። ደረቅ ነገር ያንጥፉ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ እንዳይገባ አሸንዳ ያሠሩ። መድረቁን ለማወቅ ከጉዝጓዙ እፍኝ ዘግነው ጭብጥ ያድርጉት፤ ሲለቁት ከተበተነ ደህና ነው፣ እንደ ቆጮ ከተጣበቀ ግን ርሷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። የዶሮ ቤቱ ከእኔ ክፍል መስኮት ምን ያህል ይርቃል? ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት ዓይን ይቆጠቁጣል? እውነቱን ይጻፉልኝ።

ኮረሪማውን ለጊዜው አይላኩ። ማንም አልላከልኝም።

ልጅዎ መሲ።

ቦንጋ፣ መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

መሲ ልጄ፣ መስቀሉ የአንቺንም ደጅ ያብራልሽ። አዲሱ ዓመት መልካም ዜና ይዞልሽ ይምጣ፤ ለእኔም ትንሽ ይትረፈኝ።

ደብዳቤሽን አነበብኩ። «ቴታ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። በእነሱ አያቴ ማለት ነው አልሽ። የገዛ አያትሽን አላየሻትም፤ እናትሽ ስትሞት አቅፌ ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ግን ከ«አክስቴ» ያለፈ ስም አላወጣሽልኝም። እሺ። ያቺ ሴትዮ ጥርስ አላት? ዶሮዎቿ አይሸቱም ብለሽ ልትሞቺ ነው። እዚያ ዝናብ አለ ወይ? ቦንጋ ላይ እንደሚወርደው ይውረድባትና እስቲ ምሳዋን በለስ ሥር ትብላ።

መስኮትሽን ጠየቅሽኝ። የዶሮ ቤቱ ከክፍልሽ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው። ሸለምጥማጥ እንዳይነጥቃቸው ግድግዳ ይጠጉ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ረሳሽው? ዓይን ይቆጠቁጣል ወይ ላልሽው፣ የእኔን አይቆጠቁጥም። የበዛወርቅን አፍንጫና ዓይን አላውቅም።

ደረቅ ነገር ያንጥፉ ስላልሽኝ ወደ ሀምዛ የቡና መፈልፈያ ወረድኩ። ሀምዛን ታውቂዋለሽ፣ ሱቁን አስፍቶ ጓሮው ላይ ወፍጮና መፈልፈያ ተክሏል። እንዲህ ሆነ።

«ሀምዛ፣ እስቲ የቡና ገለባ ስጠኝ።»

«እትዬ፣ የዛሬው ሁሉ የበዛወርቅ ነው። ከፋሲካ ጀምራ ተናግራለች።»

«ገለባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባለቤት ያለው? ወንዝ ዳር ስትደፋው አልነበር?»

«ያኔ ማን ዞር ብሎ አየው? አሁንማ ሴቶች ሊጣሉበት ነው፤ ከቡናው ሊወደድ ነው መሰለኝ!» ብሎ ሳቀ። «በዛወርቅ ለዶሮዎቿ ታነጥፈዋለች። እርስዎስ ምን ሊያደርጉበት ነው?»

እሷ ያደረገችውን ላደርግ ነው የምለው መስሎሻል?

«እኔ? ለአትክልቴ ነው» አልኩት።

«ለአትክልት ከሆነማ ከውጭ የተከመረው ይሻላል፤ ዝናብ መትቶት በስብሷል። የፈለጉትን ያህል ይጫኑ።»

ጫንኩ። በቃ ገለባ ገለባ ነው። ወፈር አድርጌ አነጠፍኩት። እሱም ጥቁር ነው፣ እንደ ትኩስ እበት እንፋሎት ይወጣዋል፤ ግን ያልሽውን አድርጌያለሁ። ማጠቡንም አልተውኩም። ሳላጥብ የተውኩት ቤት ኖሮኝ አያውቅም፤ በእርጅናዬ አልጀምርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፖስታ ቤት ሄጄ ሳለ የበዛወርቅ ሣጥን ውስጥ ያ የሊባኖስ ዝግባ ያለበት ቴምብር አየሁ። ጽሕፈቱን ለይቼ አወቅሁት፤ አሁን እኮ ማንበብ እችላለሁ። ለእሷም ትጽፊያለሽ። ለእኔ አንድ ገጽ፣ የእሷ ፖስታ ወፍሮ ሊፈነዳ። ምን ይሆን የሚጻፈው? የማላውቀው ነገር ካለ ለእኔ ነው መቅደም የነበረበት።

አክስትሽ።

ቦንጋ፣ ኅዳር 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

መሲ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

መልስሽን ጠበቅሁ። ፖስታ ቤት ያለው ልጅ ከሩቅ ሲያየኝ ገና ራሱን ይነቀንቅልኛል። ተቆጥተሽ ነው? ስለ አሮጊቷ የጻፍኩት ከፋሽ? ጥርስ አላት ወይ ማለት ስድብ አይደለም፤ እኔም ብዙ የለኝም።

በዛወርቅ የጎን ክፍሏን ኖራ እያስቀባች ነው። ከአጥሬ ሆኜ፣

«ሠርግ አለ እንዴ?» አልኳት።

«እንግዳ አለብኝ፣ እትዬ» አለች።

«ከጎጃም ነው?»

ቀለሙን ማማሰል ጀመረች። ያ እንግዳ ማን እንደሆነ ልቤ ነግሮኛል፤ ግን ከአንቺ አፍ ካልሰማሁ አላምንም። አንቺ ወደ ቦንጋ ብትመጪ የምታድሪው ክፍልሽ ውስጥ ነው። እሱን የሚከለክል ምን አለ?

ሽታ ከሆነ ሰበቡ፣ ሽታውንም ጨርሼዋለሁ። ድሮም አልነበረም፤ የሰው አፍ ለመዝጋት ነው። ከገበያ በረኪና በጀሪካን ገዝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት በማጠቢያው ውሃ ላይ ጨምሬ ኩሱ ላይ አፈስሰዋለሁ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚሠራው። ዓይኔ እንባ እስኪያወርድ፣ ጉሮሮዬ እስኪከረክር ድረስ ይጸዳል። እንዳይባክን ብዬ የዶሮ ቤቱን በር በጆንያ እጋርደዋለሁ። ዶሮዎቹ ያስነጥሳሉ፤ ንጽሕና ስላልለመዱ ነው። አንዷ ቄብ ሞታብኛለች፤ እሷ ድሮም ደካማ ነበረች።

በፈለግሽው ወር፣ መቼም ነይ፣ ክፍልሽ ሆስፒታል ሆስፒታል ብሎ ይጠብቅሻል።

አክስትሽ ዓባይነሽ።

ሊባኖስ፣ ኅዳር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

አክስቴ፣ እንደምን ሰነበቱ ማለትን ዛሬ ከልቤ ነው የምጠይቅዎት። እንደምን ነዎት? ይተነፍሳሉ? ያስልዎታል?

ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ስልኬ ይደርሳል። የእርስዎን ደብዳቤ አንብቤ እንደጨረስኩ ጋሽ ሣህሌ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ደውዬ ለበዛወርቅ አስነግሬያለሁ። ሮጣ መጥታ በረኪናውን ከእጅዎ ብትቀማዎት አይምቷት። የላክኋት እኔ ነኝ።

በረኪና ኩስ ላይ አይፈስስም። ከእርጥብ ኩስ የሚወጣው የሚቆጠቁጥ ነገርና በረኪናው ሲገናኙ መርዝ ይሆናሉ። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ በእኔ ደርሶ ነው። ከእንግዲህ መደበቅ አልችልም።

ቤሩት ሳለሁ ማዳም እንግዳ ጠርታ መታጠቢያ ቤቱን ቶሎ አጽጂ አለችኝ። በረኪና አፈሰስኩ፤ እንዲፈጥንልኝ ሌላ የማጽጃ ፈሳሽ ደረብኩበት። ሽታው ወደ እንግዶቹ እንዳይወጣ ደግሞ በሩን ዘጋሁ። እንደ እርስዎ ጆንያ ማለት ነው። ከዚያ የማስታውሰው ሆስፒታል ነው። ከዚያ ወዲህ ደረቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ያፏጫል። ሽንኩርት ሲቁላላ፣ ሰው ሽቶ ሲቀባ ይዘጋኛል። ኮረሪማ ራሱ ይዘጋኛል፤ ለዚህ ነው አይላኩ ያልኩት። ወደ ተራራው የላኩኝም ሐኪሙ አየር ቀይሪ ብሎኝ ነው። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ እጽፍልዎት ነበር እንጂ ቴታን ከማስጨነቅ በቀር የምሠራው ብዙ የለኝም።

ለበዛወርቅ ነገርኳት፤ ለእርስዎ አልነገርኩም። እናቴ በሳል እንደሞተች፣ ያስታመሟትም እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። እንደገና እዚያ ውስጥ ልከትዎት አልፈለግሁም። ያኔ ደብዳቤ የምታነብልዎት እሷ ስለነበረች፣ ለእሷ በሌላ ወረቀት ጽፌ እንዳታነብልዎት ለመንኳት። ብዙ ጊዜ «ንገሪያቸው፣ እኔ አልቻልኩም» ብላ ጽፋልኛለች።

የካቲት ላይ እመጣለሁ። ለጊዜው የማድረው እሷ ጋ እንዲሆን የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። እሷ «እትዬ ይገድሉኛል» ነው ያለችኝ። ሐኪሙ የዶሮ ሽታ ባለበት ክፍል እንዳትተኚ ብሎኛል። ግን አክስቴ፣ ዶሮዎቹን አይሽጧቸው። እኔ እንደ ድሮው መላክ አልችልም፤ ስመጣም ቶሎ ሥራ የምይዝ አይመስለኝም። በምን እንኖራለን? በእንቁላሉ ነው።

ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማዎት አውቃለሁ። ይቆጡኝ። በእሷ ላይ ግን አይቆጡ።

ልጅዎ መሲ።

ቦንጋ፣ ጥር 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

መሲ፣ የእህቴ ልጅ፣ እስትንፋስሽን ፈጣሪ በእጁ ይያዘው። ከዚህ ሌላ ምርቃት ዛሬ አይመጣልኝም።

የደወልሽ ዕለት በዛወርቅ ሊጥ በእጇ፣ በአንድ እግሯ ሸበጥ፣ በሌላው ባዶ እግሯን ዳገቱን ወርዳ መጣች።

«ያስቀምጡት! እትዬ፣ ያስቀምጡት!»

«ምኑን?»

«ጀሪካኑን! መሲ ናት ያለችው!»

«መሲ አንቺን ነው የምታዘው? በእኔ ጓሮ?»

ያዘችው። ያዝኩት። ጎተተች። ጎተትኩ። አሮጊትና ልጅ እግር ለጀሪካን ሲታገሉ አላፊ አግዳሚው አጥሩ ላይ ተደርድሮ አየን። በመጨረሻ ጉልበቴ ከዳኝና ለቀቅሁ። ወስዳ ከግቢ ውጭ ደፋችው። «ይቅርታ» አላለችም፤ ተቀምጣ አለቀሰች። ለጀሪካን የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም ብዬ ገባሁ።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ከጠዋት ጀምሬ እስከ ምሳ አነበብኩት። ማንም አላነበበልኝም፤ ይህን ያህል ተመስገን። መሲ፣ በመታመምሽ አልቆጣሽም። እህቴን ያስታመምኩ እኔ ነኝ። ሳል ሲጀምር፣ ሲብስ፣ ትራስ ከፍ ሲደረግለት፣ ደረት በቅቤ ሲታሽ የማውቅ እኔ ነኝ። በዛወርቅ ምን ታውቃለች? የሚያውቅ ሰው ትተሽ ለማታውቅ ነገርሽ። እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው። እኔ ግን በጭንቀቱ ቀናሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አንቺ የተጨነቀችው እሷ፣ ስለ ቄጤማ የጻፍኩት እኔ።

ቢሆንም ሥራ ጀመርኩ። የካቲት ሩቅ አይደለም። ክፍልሽን ለማንም አሳልፌ አልሰጥም አልኩ። ማጠብ ተውኩ፤ ይህ ብቻውን እጄን እንደ መቁረጥ ነበር። ያንን የበሰበሰ ገለባ በአካፋ ዛቅሁና እንሰቱ ሥር ደፋሁት። የዶሮ ቤቱን አፍርሼ ከክፍልሽ ግድግዳ አርቄ ከታችኛው አጥር ጋር አሠራሁት፤ ሸለምጥማጥ እንዳይገባ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ አጠርኩ። አሸንዳም አስመታሁ።

ከዚያ ወደ ሀምዛ።

«ደረቅ ገለባ እፈልጋለሁ። ለዶሮ ነው።»

«ያን ጊዜ ለአትክልት ነው አላሉኝም?»

«ዋሸሁህ።»

«እትዬ፣ እኔ ደግሞ ይህቺ ሴትዮ አትክልቷን ምን አድርጋ ነው ግቢዋ የሚሸተው ብዬ ነበር!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። «ተራው ግን የበዛወርቅ ነው። እሷን ይጠይቁ።»

ዳገቱን ወጣሁ። ምን ብዬ እንደጠየቅኋት አልጽፍልሽም፤ በደንብ አልጠየቅሁም። ገለባውን ግን ሰጠችኝ። ደግሞም መምህር ሣህሌን አካፋ አስይዛ መጥታ፣ የሷ ውሃ ወደ እኔ እንዳይወርድ በድንበራችን ላይ ቦይ አስቆፈረች። ስታስቆፍር ጭቃው ቀሚሷ ላይ ተረጨ። ቀሚሱ ያምራል። አንቺ የላክሽላት ነው መሰለኝ።

ሁሉም አለቀ። ገለባውን ጭብጥ አድርጌ ለቀቅሁት፤ ተበተነ። ክፍልሽ ገብቼ አሸተትኩ። ምንም። ግን እኔ ድሮም ምንም አይሸተኝም። የኖርኩበት ስለሆነ አፍንጫዬ ለምዶታል፤ ይህ አሁን ገባኝ። የሌላ ሰው አፍንጫ ያስፈልገኝ ነበር። ሀምዛ ቡና አቧራ ውስጥ ውሎ ምን ይሸተዋል? የዕድር ሴቶች ደግሞ እንዲሁ ሊያስደስቱኝ ይላሉ። የቀረችው ማን ናት? ይሸታል ብትል አንቺን የምታገኘው እሷ። ከእሷ ሌላ ግን ያኔ እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም።

ጠራኋት። ክፍልሽ መሐል ቆመች፤ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቷን አያለሁ።

«የለም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የለም እትዬ። አልጋዋን ያንጥፉ።»

ያን ዕለት ለእሷ የነበረኝን ቅናት ትንሽ ረሳሁት። አልጋሽን አነጠፍኩ። በማግሥቱ የአጎታችን ልጅ ገብረሚካኤል ዋጫ ከተማ አርፎ ለለቅሶ ሄድኩ፤ እዚያ ከለቀስተኛው ጋር ሰነበትኩ። ስመለስ ዝናብ ጥሎ ነበር። ከመኪና ወርጄ ቀጥታ ክፍልሽን ከፈትኩ።

መሲ፣ ይሸታል። ሰነባብቶ የመጣ ሰው አፍንጫ ነበረኝና ለመጀመሪያ ጊዜ ሸተተኝ። ከዶሮዎቹ አይደለም፤ እነሱ ጋ ወርጄ አየሁ፣ ደረቅ ናቸው። ግድግዳው ነው። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እኔ በየማለዳው ያፈሰስኩትን ውሃ ከነኩሱ ሲጠጣ ከርሟል። እርጥበት ሲያገኝ ይተፋዋል። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ። ይህ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር ማለት ነው።

ያንኑ ሰዓት ወደ በዛወርቅ ወጣሁ።

«የለም አላልሽኝም?»

ቀና ብላ አላየችኝም። «ብዬዎታለሁ።»

«ሸትቶሽ ነበር?»

«በጥቂቱ።»

«ታዲያ ለምን?»

«እትዬ፣ ያኔ ይሸታል ስልዎት ጠሉኝ። አሁን ደግሞ ያን ሁሉ ገለባ ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ አየሁ። አሳዘኑኝ። ምን ልበልዎት?»

«እሷ ታፍና ብትሞትስ?»

«መስኮቱን ከፍቼላት ላድር ነበር» አለች። እዚሁ እኔ ቤት፣ ከአንቺ አጠገብ! አስቢው።

እውነቱን ስትነግረኝ ጠልቻት ነበር። አዝናልኝ ስትዋሸኝ ግን የበለጠ ጠላኋት። ከእሷ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ኀዘኔታዋን ግን አልችልም።

ስለዚህ እሷ ሳትቀድመኝ እኔው ልንገርሽ። ክፍልሽ አይሆንም። ግድግዳው ተፍቆ እንደገና መለሰን አለበት፣ ከዚያም ፀሐይ ማየት አለበት፤ እዚህ አገር ፀሐይ በልመና ነው። እስከዚያ በዛወርቅ ቤት እደሪ። ኖራው ደርቋል፤ ገብቼ አሸትቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም። ትራስሽ ከፍ እንዲል ነግሬያታለሁ፤ እንዴት እንደሚደረግም አሳይቻታለሁ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። ምግብሽን እኔ ሠርቼ ዳገቱን ይዤ እወጣለሁ፤ ሽንኩርቱን ውጭ አቁላላዋለሁ። እሷ ከሠራችልሽ ጠግቤያለሁ በያት። እንቁላሉም የእኔ ዶሮዎች ይሁን፤ የእሷን አትንኪ።

አትቅኚ ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። እሱን አልተውም፤ ስትመጪና በእሷ በር ስትገቢ ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። አይሸትም ብዬ ግን ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

አክስትሽ ዓባይነሽ።